ማዕረጉ መጣ፣ ቀኑ ግን ዘገየ፦ ለወጣት መኮንኖች

ማዕረግ ሲወጣላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ትከሻችሁን ነው። አልፈርድባችሁም፤ ደስ ይላል። እኔ ግን ዕድሜዬን የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ መኮንን የእድገት ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው። ትከሻችሁ ላይ ያለውን ማንም መንገደኛ ያየዋል። ቀኑን የሚያዩት ግን ቀጣዩ የእድገት ቦርድ፣ ደሞዝ ክፍልና ጡረታ ክፍል ናቸው። የእናንተን ነገር የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የምጽፍላችሁ ይህ ቀን ያለ ጥፋታችሁ ሲዘገይ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ነው። ፋይል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ፊርማ ጎድሎ፣ ዝርዝሩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከርሞ፣ እኩዮቻችሁ ካደጉ ከወራት በኋላ የእናንተ ሲመጣ ማለቴ ነው። ብዙ ወጣት በዚህ ጊዜ «ዋናው መምጣቱ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ አትተዉት ባይ ነኝ። ስትጠይቁ ግን በስሜት ሳይሆን በወረቀት ጠይቁ።

አንድ መኮንን ሲያድግ ቢያንስ ሦስት ቀን አለ። ትእዛዙ የተጻፈበት ቀን፣ ማዕረጉ የሚቆጠርበት ቀን፣ አዲሱ ደሞዝ የሚጀምርበት ቀን። ሥራው በሰዓቱ ከሄደ ሦስቱ ስለሚቀራረቡ ልዩነታቸውን ልብ የሚል የለም። መዘግየት ሲገባ ነው የሚበታተኑት።

የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል የምትሉ ካላችሁ ወደ 1944 እ.ኤ.አ. ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር አሜሪካ ለሰባት አዛዦች የባለ አምስት ኮከብ ማዕረግ ሰጠች። ሌሂ በ15፣ ማርሻል በ16፣ ኪንግ በ17፣ ማክአርተር በ18፣ ኒሚትዝ በ19፣ አይዘንሃወር በ20፣ አርኖልድ በ21። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። አንድ አንድ ቀን እያራራቁ የደረደሯቸው ማን ማንን እንደሚቀድም አስቀድሞ እንዲለይ ነው። ዓለም በጦርነት እየነደደች እንኳ የማዕረግ ቀን እንዲህ በጥንቃቄ ይለካ ነበር።

የትእዛዙ ቀንና የማዕረጉ ቀን የግድ አንድ መሆን እንደሌለባቸው ደግሞ ጆርጅ ዋሽንግተን ምስክር ነው። ሰውየው የሞተው በ1799 እ.ኤ.አ. ነው። ማንም የአሜሪካ መኮንን እንዳይበልጠው ኮንግረስ ሕግ ያወጣለት በ1976 ነው። የሠራዊቱ ትእዛዝ የተጻፈው ማርች 1978፣ ማዕረጉ የሚቆጠረው ግን ከጁላይ 4 ቀን 1976 ጀምሮ ነው። ለሞተ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ቀን የሚቆርጥ ቢሮ፣ በሕይወት ላለ ሻምበል «ያለፈው አልፏል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ሲለው እኔ አልዋጥልህ ይለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በአንድ ማዕረግ ላይ ያሉ ሁለት መኮንኖች ማን ይቀድማል ሲባል የሚታየው የማዕረግ ቀናቸው ነው። ለቀጣዩ ማዕረግ የሚጠየቀው የቆይታ ጊዜም የሚቆጠረው ከዚያው ቀን ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ሻምበል፣ ሻለቃና ሌተናል ኮሎኔል ለሚቀጥለው ማዕረግ ለመታጨት በመርህ ደረጃ በያዙት ማዕረግ 3 ዓመት መቆየት አለባቸው። እንግዲህ አስቡት። ሰባት ወር የዘገየ ቀን አንድ ቦርድ ሊያስመልጣችሁ ይችላል። ቦርድ የሚቀመጠው በዓመት አንዴ ከሆነ የሰባት ወሩ መዘግየት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ማዕረግም በዚያው ልክ ይገፋል። ወር ሆኖ የገባ ስህተት ጡረታ ስትወጡ ዓመት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ። የዘገየ እድገትና የተከለከለ እድገት ለየቅል ናቸው። ቦርዱ ካልመረጣችሁ፣ ወይም በምርመራ ምክንያት ሆን ተብሎ ከታገደባችሁ፣ መንገዱ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ተመርጣችሁ፣ ስማችሁ በጸደቀው ዝርዝር ላይ ሰፍሮ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ስለቆመባችሁ ነው። አንዳንዴ ማቆሚያው ከቢሮም በላይ ይሆናል። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ሴናተር ከ400 በላይ የከፍተኛ መኮንኖችን እድገት ለወራት አንቆ ይዞ ነበር፤ ጠቡ ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ፖሊሲ ጋር እንጂ ከመኮንኖቹ ሥራ ጋር አልነበረም። የእናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነገር ነው። አንድ ማኅተም፣ አንድ ፊርማ፣ ፈቃድ የወጣ አንድ ሠራተኛ።

በነገራችን ላይ የአሜሪካኖቹን ሕግ ደጋግሜ የማነሳው ጉዳዩን ዘርዝሮ ስለጻፈው ነው። የቦርዱ ሪፖርት ወይም የእድገቱ ዝርዝር ሲመረመርና ሲጸድቅ ባልተለመደ ምክንያት ሳይታሰብ ከዘገየ፣ የሚመለከተው የጦር ክፍል ሚኒስትር የመኮንኑን የማዕረግ ቀን ማስተካከል እንዲችል ይፈቅዳል። ለናሽናል ጋርድ፣ ማለትም በየግዛቱ ለሚደራጀው ተጠባባቂ ጦር፣ መኮንኖች ደግሞ የተሟላ ማመልከቻ ቀርቦ ከ100 ቀን በላይ ከዘገየ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አለ። ቅድመ ሁኔታው ላይ ግን አስምሩበት፤ መዘግየቱ በመኮንኑ ድርጊት ወይም ቸልታ የመጣ መሆን የለበትም። የየትም አገር ሠራዊት ውስጥ ብትሆኑ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ይኸው ነው። «አንተስ የድርሻህን በጊዜው አድርገሃል?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ከመዘግየቱ በፊት የሰበሰባችሁት ወረቀት ነው። አንድ ሻምበል ትዝ ይለኛል። ለሻለቃነት ተመርጦ፣ ዝርዝሩ ጸድቆ፣ የእሱ ትእዛዝ ከጓደኞቹ ሰባት ወር ዘግይቶ ወጣ። ምክንያቱ «የሕክምና ማስረጃው ጊዜ አልፎበታል» የሚል ነበር። ሰውየው አራት ገጽ አቤቱታ ጽፎ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ የአገልግሎቱ ታሪክ ነው። ሁለተኛው አይወደኝም ስለሚለው አለቃው ነው። ስለ ሕክምና ማስረጃው የተጻፈው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ማዕረጉ ከመቼ ጀምሮ እንዲቆጠርለት እንደሚፈልግ ግን በአራቱም ገጽ ውስጥ የለም።

ነገሩን የፈታው አቤቱታው አልነበረም። የገቢ መዝገቡ ነው። ትልቅ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ፋይሉ የገባበት ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከጎኑ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በእርሳስ «ለሕክምና ማስረጃ ተመላሽ» ይላልና ቀን አለው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ወራት አሉ። ማስረጃው ላይ ያለውን ማብቂያ ቀን ስናስተያይ ፋይሉ በገባበት ዕለት ገና አላለፈበትም ነበር። ጊዜው ያለፈው እዚያው ቢሮ ውስጥ ተኝቶ እያለ ነው። ከዚያ ወዲህ የሻምበሉን ጠባይ ወይም የአለቃውን ክፋት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ቀኑ ታረመ።

ስለዚህ ማመልከቻችሁ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትፈልጉትን ጻፉ፦ «የሻለቃነት ማዕረጌ የሚቆጠርበት ቀን ከኅዳር 1 ወደ ሚያዝያ 1 ተመልሶ እንዲታረምልኝ፣ የደሞዙም መነሻ ቀን አብሮ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ምን መቼ እንደሆነ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቀን ከኋላው አባሪ ይኑረው። አባሪ የሌለው ቀን ወሬ ነው። ስለ ሰው ጠባይ አንድም ቃል አታስገቡ። ወሳኙ አካል ማን ክፉ እንደሆነ መወሰን አይፈልግም፤ ማን ጥፋተኛ ነው ወደሚል ጭቅጭቅ ከገባችሁ ጉዳያችሁ ከእርማት ወጥቶ ክስ ይሆናል። ክስ ደግሞ ተከላካይ አለው።

የምትጠይቁት ቀን የምትመኙት ቀን አይሁን። ወረቀቱ የሚደግፈውን ቀን ጠይቁ። ያ መዘግየት ባይኖር ኖሮ ማዕረጉ የሚወጣላችሁ መቼ ነበር? ይህን ማስረዳት የሚከብድ ይመስላል። አይከብድም። የጸደቀውን ዝርዝር አውጡና ከስማችሁ በላይና በታች ያሉትን እዩ። እናንተ 40ኛ ከሆናችሁ፣ 39ኛውና 41ኛው በአንድ ቀን ካደጉ፣ ክርክሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀድማችሁ ለመሞከር ያማራችሁ እንደሆነ እንዳታደርጉት። ትንሿን ለመጨመር ስትሉ የትልቁን ታማኝነት ታበላሻላችሁ።

ደሞዙን ለይታችሁ መጥቀስ አትርሱ። አንዲት መኮንን «የማዕረግ ቀኔ ይታረምልኝ» ብላ ጠየቀች፤ ታረመላት። ቀዳሚነቷ ተመለሰ፣ ውዝፍ ደሞዟ ግን አልመጣም። ደሞዝ ክፍል ሄዳ ስትጠይቅ «ውሳኔው ስለ ደሞዝ ምንም አይልም» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ አይልም። ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ወረፋ። በመዘግየቱ ምክንያት አንድ ቦርድ አምልጧችሁም ከሆነ እዚያው ማመልከቻ ላይ ጨምሩት። አሜሪካኖች ለዚህ ልዩ የምርጫ ቦርድ አላቸው። የመኮንኑን ፋይል በዚያን ጊዜ ከተመረጡትና ካልተመረጡት ሰዎች ናሙና ጋር አስተያይቶ ይወስናል። በእናንተ ዘንድ ስሙም አሠራሩም ሊለይ ይችላል። ቀኑን ብቻ አስተካክሎ ያመለጠውን ዕድል መተው ግን ግማሽ እርማት ነው።

አንድ የማይወራ ነገር ልንገራችሁ። ቀን ወደ ኋላ መመለስ ሁልጊዜ አይጠቅምም። በአንድ ማዕረግ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ገደብ ባለበት ሠራዊት ውስጥ ሰዓቱ ቀድሞ መቁጠር ይጀምራል። ቀጣዩ ቦርድ ፊትም በአዲሱ ማዕረግ ገና አንድ ምዘና ብቻ ይዛችሁ ልትቀርቡ ትችላላችሁ፤ ሌሎቹ ሦስት ይዘው። ይህንን ከልምድ ካለው ሰው ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ። እኔ ባመዛዝነው አብዛኛውን ጊዜ ማረሙ ይሻላል እላለሁ። ግን አስልታችሁ ግቡበት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሏችሁ አይጠፉም። አለቃችሁም «ለሰባት ወር ብለህ ነው?» ሊላችሁ ይችላል። በትሕትና ስሙት፣ ማመልከቻውን ግን አስገቡ። መዝገብ እንዲታረም መጠየቅ አለቃን መዳፈር አይደለም። እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲህ ያለ የወታደር መዝገብ ለማረም ኮንግረስ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሕግ እስከማውጣት ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ነው ሥራው ወደ ሲቪል አራሚ ቦርዶች የተዛወረው። ቦርዶቹ የሚጠይቁት ስህተት ወይም ኢፍትሐዊነት አለ ወይ ብለው ነው። የምትጠይቁት ውለታ አይደለም፤ በሕግ የታወቀ ሥራ ነው።

አትዘግዩ ግን። ስለ መዘግየት እየከሰሱ ራስን ማዘግየት አያምርም። እነዚያ ቦርዶች ስህተቱ ከታወቀ 3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይጠይቃሉ፤ ለፍትሕ ሲባል ጊዜውን ማለፍ ቢችሉም በዚያ ላይ ተስፋ አትጣሉ። የእናንተን ገደብ በመጀመሪያው ሳምንት አጣሩ። ከገደቡም በላይ የሚያሰጋው የሰው ነገር ነው። ፋይሉን የተቀበለው ሠራተኛ ይዛወራል። በእርሳስ የተጻፈው ይጠፋል። ምስክር የሚሆናችሁ አዛዥ ጡረታ ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ፋይል ስታስገቡ የገባበትን ቁጥርና ቀን ያዙ። ወረቀት ጎደለ ሲሏችሁ በቃል አትመልሱ፤ በአጭር ደብዳቤ መልሱና ግልባጩን አስቀሩ። በስልክ የተባለውንም በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ እንደነገሩኝ» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ማስረጃ አልቀረበም» ካሉ በር አልተዘጋም፤ አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ ይቻላል። ያንኑ ወረቀት በአዲስ ቁጣ ማስገባት ግን ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ደብዳቤውን አቅፋችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ቀናችሁ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በግል ማኅደራችሁ፣ በደሞዝ ክፍል፣ በጡረታ መዝገብና በኮምፒውተሩ ሥርዓት ውስጥ ለየብቻው ተቀምጧል፤ አንዱ ሲታረም ሌላው በራሱ አይታረምም። የእርማት ትእዛዙን ኮፒ ለእያንዳንዱ ክፍል ራሳችሁ አድርሱ። የተቀበለውን ሰው በግልባጩ ላይ አስፈርሙ። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ በየመዝገቡ የሰፈረውን ቀን በዓይናችሁ አንብቡ።