ባጃጅ ገጭቶኝ በቦታው ተስማምተን ተለያየን፤ ካሳውን ከማን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ እግረኛ ለማሳለፍ መኪናዬን እንዳቆምኩ ከኋላ የመጣ ባጃጅ ገጨኝ። ሰው አልተጎዳም፤ የኋላው ፓራውልት ተሰነጠቀ፣ አንዱ የኋላ መብራትም ተሰበረ። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ነው፤ ባጃጁ የሌላ ሰው እንደሆነና ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ እንደሚያስገባ ነግሮኝ «ጋሼ፣ ትራፊክ አይጥሩብኝ፣ እኔ አሠራዋለሁ» ብሎ ስለለመነኝ፣ ስልኩን ተቀብዬ፣ ጉዳቱንና የሰሌዳ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ ተለያየን። ጋራዥ ሲታይ ግን ከፓራውልቱ ውስጥ ያለው ብረትም ተጣሞ በመገኘቱ ዕቃው፣ ላታሜራውና ቀለሙ በድምሩ 40,000 ብር ተባልኩ። ልጁ አቅም የለኝም ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «እኔ አልነዳሁም» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሙሉ መድን ስላለኝ በማግሥቱ ለኩባንያዬ አስታወቅሁ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ካላመጣህ አሉኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከባለቤቱ ንግግር እንጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ ከሕግ የራቀው እሱ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደሚደነግገው፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው እሱ ራሱ ስለነዳ ሳይሆን ባለቤት ስለሆነ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ተሽከርካሪው ተሰርቆ ካልሆነ በቀር፣ ከኃላፊነት አያመልጥም። በቀን ገቢ ያሰማራው ሾፌር ላደረሰው ጉዳትማ «አልነዳሁም» የሚለው መልስ የትም አያደርሰውም።

እርስዎን ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው የዚያው ሕግ አንቀጽ 2084 ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ መነሻ የሚያደርገው ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ነው፤ በዚህም መሠረት የሁለቱ ጉዳት ተደምሮ እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከአንደኛው ሾፌር ጥፋት የመጣ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለእግረኛ ቆሞ ከኋላ የተገጨ ሰው በዕለቱ በቦታው ላይ ለቆመ ሁሉ ትክክለኛነቱ ግልጽ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ወረቀት ብቻ ለሚመለከት ሰው ግን ሾፌሩ «ወደ ኋላ ሲመለስ ነው ያገኘኝ» ቢል የሚያስተባብለው ነገር ያስፈልጋል። የትራፊክ ፖሊሱ ተሽከርካሪዎቹ ሳይነሱ የሚያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ኩባንያዎ ሪፖርት መጠየቁም፣ ቢያሰለችም፣ ምክንያት አለው።

ፕላኑ አልፏል፤ ማመልከቱ ግን አላለፈም። ፎቶዎቹን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሾፌሩን ስልክና በአካባቢው ያየ ሰው ካለ ምስክርነቱን ይዘው ወደ ከተማው ትራፊክ ፖሊስ ይሂዱና የሆነውን እንደሆነው፣ በቦታው ተስማምታችሁ መለያየታችሁን ጭምር፣ ያስመዝግቡ። ታሪኩን ለማሳመር አንዳች ነገር አይጨምሩ፤ ለፖሊስ የተነገረውና በኩባንያው የካሳ ጥያቄ ቅጽ ላይ የተጻፈው ካልተመሳሰለ የሚጠረጠሩት እርስዎ ይሆናሉ። ልጁ ከኋላ መጥቶ እንደገጨዎት በጽሑፍ አምኖ ቢፈርምልዎት ትልቅ እርዳታ ነው። ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ጉዳቱን ሳያይ ግን መኪናው እንዳይፈታ፤ የተሰበረው መብራትም እንዳይጣል።

አንድ ወረቀት ግን አይፈርሙ፦ ጥቂት ብር ተቀብለው «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለውን። የንግድ ሕጉ በአንቀጽ 683 ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ ጉዳት ያደረሰውን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ደንበኛው አስቀድሞ አጥፊውን ነጻ ካወጣው ኩባንያው የሚተካበት መብት አይኖርም፤ ያን ጊዜ ለእርስዎ ላለመክፈል በቂ ሰበብ ያገኛል።

ካሳውን ለመጠየቅ ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው የባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ ዋስትና ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ሽፋኑም የሰው ጉዳትን ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አዋጁ ሲወጣ ለንብረት የተቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፣ የእርስዎ ጉዳት ከዚያም በታች ነው። በነገራችን ላይ፣ ለልጁ ያዘኑለት ሐዘን የሚበጀውም በዚህ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) የከፈለበት መድን እያለ ልጁ ከዕለት ገቢው የሚተርፈውን እየቆጠረ 40,000 ብር የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መንገድ የራስዎ ሙሉ መድን ነው። ከአደጋ አድራሹ ጋር መጨቃጨቅ አይኖርብዎትም፤ ነገር ግን በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ፣ ማለትም ከጉዳቱ ደንበኛው ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ከኪስዎ ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዓረቦን ያለ አደጋ በመንዳት የሚያገኙትን ቅናሽም ሊያጡ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ መኪናዎ በስንት ብር ዋስትና እንደተገባለት ይመልከቱ። የመኪና ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ ብዙ ሰው ከዓመታት በፊት የተጻፈውን ዋጋ ሳይነካ ውሉን ያድሳል። ገበያ ላይ 1,200,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ600,000 ብር ብቻ ዋስትና ተገብቶለት ከሆነ፣ ኩባንያው ግማሹን እንደሸፈነ፣ ግማሹን ግን ባለቤቱ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከ40,000 ብር ጉዳት የሚከፈለው 20,000 ብር ሲሆን ተቀናሹም ከዚያው ላይ ይነሳል። ብዙ ደንበኛ ኩባንያው እንዳጭበረበረው የሚያምነው በዚህ ስሌት ምክንያት ነው፤ ስሌቱ ግን ሕጋዊ ነው።

እንደእኛ አስተያየት፣ ፖሊስ ዘንድ ካስመዘገቡ በኋላ መጀመሪያ ወደ ባጃጁ መድን ሰጪ ቢሄዱ ይሻላል። የኩባንያውን ስም ባጃጁ መስታወት ላይ ከተለጠፈው ምልክት ማግኘት ይቻላል። ጎን ለጎንም በራስዎ ኩባንያ ዘንድ የካሳ ጥያቄ ቅጹን ሞልተው ቁጥር ያስይዙ፤ ይህ መብትዎን ያስጠብቃል እንጂ የግድ ክፍያውን ከእነሱ እንዲወስዱ አያደርግም። ባጃጁ መድን ከሌለው፣ ባለቤቱን በፍትሐ ብሔር መክሰስ ወይም በራስዎ መድን መጠቀም ይቀርዎታል።

የራስዎ ኩባንያ አልከፍልም ካለ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ እምቢታ ለቅሬታም ለክስም አይመችም። ደብዳቤውን ይዘው መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላሉ። ክስ ካስፈለገ ደግሞ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ፣ «ነገ እንከፍላለን» እየተባለ በሚደረግ ምልልስ ጊዜው እንዳያልፍብዎት ይጠንቀቁ።