ታይገሮቹ እንስሳት አይደሉም

ወንድሜ፣ በእንግሊዙ የሮክ ባንድ በፒንክ ፍሎይድ «ዌን ዘ ታይገርስ ብሮክ ፍሪ» ዘፈን ውስጥ ታይገሮቹ ምንድን ናቸው ብለሃል። ታይገር የሚባሉ የጀርመን ታንኮች ናቸው። ዘፈኑን የጻፈው የባንዱ አባል ሮጀር ዋተርስ ነው፤ ስለ አባቱ ሞት። አባቱ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በፌብሩዋሪ 1944 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ፣ አንዚዮ ግንባር ላይ ተሰዋ። ሮጀር ያኔ የአምስት ወር ሕፃን ነው።

እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ደብዳቤው ነው። በዘፈኑ ልጁ አንድ ቀን፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ለእናቱ የላኩትን የሐዘን መግለጫ ከአሮጌ ፎቶዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ያገኘዋል። ፊርማው እንኳ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ ማኅተም ነው። አባት ላጣ ቤት ማኅተም! የዘፈኑ ንዴት እዚህ ጋ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። አባትየው መጀመሪያ በእምነቱ ምክንያት ጠመንጃ አላነሳም ብሎ፣ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ አምቡላንስ ይነዳ ነበር። ኋላ ነው ሐሳቡን ቀይሮ የዘመተው። ይህን ይዘህ እስቲ እንደገና ስማው።