«እሳት ቢነሳ ማን ያወጣሻል?» ብሎ ከበር መመለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በዊልቸር የምንቀሳቀስ ሴት ነኝ። የጓደኛዬን ልደት ልናከብር ማታ ወደ አንድ የሙዚቃ ቤት ሄድን። ትኬታችንን ቀደም ብለን በኢንተርኔት ገዝተን ነበር። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዊልቸሬን ሲያይ «ለራስሽ ደኅንነት ነው፤ እሳት ቢነሳ ማን ያወጣሻል?» ብሎ ከለከለኝ። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን ጓደኛችንንም አካሄዱንና አነጋገሩን አይቶ «ይሄ ጠጥቶ ነው የመጣው» ብሎ መለሰው። ሥራ አስኪያጁን አስጠራን። ቤቱ ኪራይ እንደሆነ፣ ደረጃውን እሱ እንዳልሠራው፣ ከፈለግን ግን ጓደኞቼ ተሸክመው ሊያስገቡኝ እንደሚችሉ ነገረን። ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መጸዳጃ ቤት እንዳለ ስጠይቀው «አለ፣ ግን ዕቃ ተቀምጦበታል» አለኝ። የትኬቱን ገንዘብ መለሱልንና ወደየቤታችን ሄድን። አንዳንድ ሰዎች «የግል ቤት ነው፤ የፈለገውን ያስገባል» ይሉኛል። እውነት ነው? መክሰስ እችላለሁ? ቤቱ እንዲዘጋ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ገብቼ ሙዚቃ መስማት ነው።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎትን ሳነብ ከልቤ አዝኛለሁ። ገንዘቡ ስለተመለሰ ነገሩ ያለቀ የመሰላቸው ይመስላል። አላለቀም። መብት አለዎት፤ በብዙ አገሮችም መክሰስ ይችላሉ። ከየት አገር እንደሚጽፉ ስላልገለጹልኝ መልሴን የምጀምረው አብዛኞቹ የዓለም አገሮች ከተቀበሉት ከተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ውሏል። የአሜሪካንና የእንግሊዝን ሕግም በየመሃሉ አነሳለሁ፤ እንደ እርስዎ ላለው ጉዳይ ዝርዝር ድንጋጌ ስላላቸው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «መዝናናት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ሕክምናና ሥራ ይስተካከል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይስሙት። ስምምነቱ አንቀጽ 30 ላይ በባህላዊ ሕይወት፣ በመዝናኛና በእረፍት ከሌላው ሰው እኩል መሳተፍን መብት ብሎ አስፍሮታል። ሰው ከጓደኛ ጋር የሚቀራረበው፣ ፍቅር የሚጀምረው፣ ለሥራ የሚሆነውን ሰው የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከስድስት ሰዎች አንዱ አካል ጉዳት አለበት። ይህ ሁሉ ሰው ማታ ማታ ቤቱ ይዋል የሚል ሕግ የለም።

አሁን «የግል ቤት ነው» ወደሚለው ልምጣ። ባለቤቱ የግል ይሁን እንጂ በሩን ለሕዝብ ከፍቷል፤ ትኬትም ለማንም ይሸጣል። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ለሕዝብ ክፍት የሆነ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶች ስለ ተደራሽነት እንዲያስቡ መንግሥታት ማድረግ አለባቸው ይላል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም በ2014 ባወጣው ማብራሪያ፣ አገልግሎቱ ለሕዝብ እስከቀረበ ድረስ ባለቤቱ መንግሥት ይሁን ግለሰብ ለውጥ እንደሌለው ግልጽ አድርጓል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ሁለት የማየት ጉዳት ያለባቸው ሃንጋሪያውያን በባንካቸው የገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም አልቻሉም ነበር። የሚከፍሉት ግን እንደማንኛውም ደንበኛ ነው። ባንኩ የግል ቢሆንም ኮሚቴው በ2013 መንግሥት ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ወስኗል።

የአሜሪካ ሕግ ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ ክፍት ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ቦታዎች መካከል ባርና የመዝናኛ ቤት በስማቸው ይገኛሉ። በእንግሊዝም የ2010 የእኩልነት ሕግ አገልግሎት ሰጪው አካል ጉዳተኛ ደንበኛ በር ላይ እስኪመጣ ሳይጠብቅ አስቀድሞ አስቦ እንዲዘጋጅ ያስገድደዋል። ስለዚህ ቤቱ የሰከረና የሚረብሽ ሰው የመመለስ መብት አለው። አካል ጉዳተኛ ስለሆኑ ብቻ እርስዎን የመመለስ መብት ግን የለውም።

ወደ እሳቱ ነገር እንመለስ፤ ይሄኛው ብዙ ቦታ የሚሰማ ምክንያት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ደኅንነት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃም ዳኛም አይንቀውም። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው «ፈራሁ» የሚለውን ሳይሆን አደጋው በተጨባጭ ምን እንደሆነ ነው። የአሜሪካ ደንብ የደኅንነት መስፈርት በግምትና በጭፍን አመለካከት ላይ ሳይሆን በእውነተኛ አደጋ ላይ መመሥረት አለበት ይላል። የስምምነቱ አንቀጽ 11ም በአደጋ ጊዜ አካል ጉዳተኞችን የመጠበቅ ግዴታን በመንግሥታት ላይ ጥሏል። መጠበቅ ማለት ደግሞ የማውጫ ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። ሰው እስኪደርስ ጭስ የማይገባበት መጠበቂያ ቦታ፣ ደረጃ ላይ የሚወርድ የአደጋ ጊዜ ወንበር፣ ማን ማንን እንደሚረዳ የሚያውቅ ሠራተኛ፣ ለመስማት የተሳነው ሰው በብርሃን የሚያስጠነቅቅ ደወል፤ እነዚህ ሁሉ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «ማን ያወጣሻል?» ለተባለው ጥያቄ መልሱን ማዘጋጀት ያለበት ቤቱ ራሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ የተናገረውን ደግሞ በደንብ ይያዙልኝ። በአንድ አፍ «እሳት ቢነሳ ትጎጃለሽ» ተባሉ፤ በሌላ አፍ «ጓደኞችሽ ይሸከሙሽ» ተባሉ። ባልሠለጠነ ሰው እጅ፣ በጠባብ ደረጃ፣ ማታ፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው መሸከም ራሱ አደጋ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዊልቸር ሰው ሳይቀመጥበት ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለደኅንነትዎ የሚጨነቅ ቤት ይህንን መፍትሔ ብሎ አያቀርብም። ሁለቱ ንግግሮች እርስ በርስ እንደሚጣረሱ አቤቱታዎ ላይ ቃል በቃል ይጻፉት። ለእኔ የጉዳዩ ጠንካራ ነጥብ ይሄ ነው። ሰውም እንደ ዕቃ ተሸክመውት መግባት የለበትም። ካልፈለጉ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ እምቢ ስላሉም «አማራጭ ሰጥተናት አልፈልግም አለች» ሊባሉ አይገባም።

ጓደኛዎ ላይ የደረሰው የራሱ የሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አቤቱታውንም በራሱ ስም ቢያቀርብ ይሻላል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት፣ ከስትሮክ ያገገመ ወይም ኤም.ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ በሽታ) ያለበት ሰው እግሩ ሊወላገድ፣ ምላሱ ሊከብደው ይችላል። ጠብታ ያልቀመሰ ሰው በዚህ ምክንያት ሰካራም ተብሎ ሲመለስ፣ የተመለሰው ጉዳቱ ባመጣው ነገር ነው። የእንግሊዙ ሕግ ይህንን ለብቻው አድልዎ ብሎ ይጠራዋል። ቤቱ «አላወቅንም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር በወቅቱ ነግራችሁት ነበር ወይ የሚለው ነው። «አካል ጉዳት አለበት እንጂ አልጠጣም» ብላችሁ ተናግራችሁ ከሆነ፣ ከሰማ በኋላም ከከለከለ፣ ክርክሩ ይወድቃል። ይህንን የሰማ ሰው ካለ ዛሬውኑ የምስክርነት ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ።

ደረጃው ጋ ስንደርስ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። ሕግ ሁሉም አሮጌ ሕንፃ ነገ ይፍረስ አይልም። ስምምነቱ የሚጠይቀው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ነው፤ ማለትም ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ሳያስከትል የሚደረግ ማስተካከያ። ይህንን መከልከል በአንቀጽ 2 መሠረት ራሱ አድልዎ ነው። ሸክሙ ከአቅም በላይ ነው የሚለውን የማስረዳት ግዴታ ያለበትም ቤቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። «ደረጃውን እኔ አልሠራሁትም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። «ተከራይ ነኝ» ማለትም እንዲሁ። በአሜሪካ ሕግ አከራይም ተከራይም ተጠያቂ ናቸው፤ ወጪውን እንዴት እንደሚካፈሉ በመካከላቸው ይዋዋላሉ እንጂ እርስዎን ከአንዱ ወደ ሌላው ማመላለስ አይችሉም።

ምን ያህል ደረጃ እንዳለ አልጻፉልኝም። እባክዎ ይቁጠሩት ወይም ሰው ልከው ያስቆጥሩ። ለውጥ አለው። በተለመደው መለኪያ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ) ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። መግቢያው ላይ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ከሆነ 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ተነቃይ ራምፕ ይበቃዋል። ይህ ማታ ዘርግተው ሲዘጉ የሚያጥፉት ነገር ነው፤ ትኬት የሚሸጥ ቤት አቅሜ አይፈቅድም ቢል ዳኛ የሚያምነው አይመስለኝም። ቤቱ ከመሬት በታች ሆኖ ረጅም ደረጃ ካለው ግን ክርክሩ ይከብዳል። ያኔም ሌላ መግቢያ አለ ወይ? የዕቃ ሊፍት ለሰው የሚሆን ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል ወይ? አንዳንዱን ዝግጅት በላይኛው ፎቅ ማድረግ ይቻላል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይጠይቁ።

መጸዳጃ ቤቱ ላይ ግን ምንም ክርክር የለም። ክፍሉ ተሠርቷል፤ ወጪው ወጥቷል። የቀረው የቢራ ሳጥኑን፣ የተሰበረውን ወንበርና መወልወያውን ማውጣት ነው። ሰው መጸዳጃ ቤት መግባት እንደማይችል ካወቀ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ወይም ግብዣው ሳያልቅ ተነስቶ ይሄዳል። ብዙ አካል ጉዳተኞች ይህን ስሌት በየቀኑ ይሠራሉ። ለአቤቱታዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህን ያድርጉት፤ ቤቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነውና።

ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ትኬቱን፣ የክፍያ ደረሰኙንና ገንዘቡ የተመለሰበትን መልእክት ያስቀምጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ ይጻፉ። በሩንና ደረጃውን ከመንገድ ላይ ሆነው ፎቶ ያንሱ። በር ላይ የደኅንነት ካሜራ ካለ ቅጂው እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ቤቶች ቅጂውን ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያቆዩም። ከዚያ የአገርዎን የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ያረጋግጡ። ለምሳሌ በእንግሊዝ ክስ የሚቀርበው ከስድስት ወር አንድ ቀን በጎደለ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ ምርጥ ማስረጃም አያድንም።

ቀጥሎ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይጻፉ። ቁጣዎ ፍትሐዊ ነው፤ ደብዳቤው ግን አጭርና የተወሰነ ይሁን። እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ትኬት ይዤ መጥቼ በዊልቸር ስለምንቀሳቀስ ተከልክያለሁ። ምክንያቱ የእሳት አደጋ እንደሆነ ተነግሮኛል። ይህ ውሳኔ የተመሠረተበትን የአደጋ ግምገማ በጽሑፍ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። መጸዳጃ ቤቱ በአስቸኳይ ነጻ እንዲሆን፣ መግቢያው ላይ ራምፕ እንዲቀመጥና የበር ሠራተኞች እንዲሠለጥኑ እጠይቃለሁ። በ14 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ።» የአደጋ ግምገማውን መጠየቅዎ በተለይ ይጠቅማል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት አይኖርም፤ አለመኖሩም ለእርስዎ ማስረጃ ነው።

ከጻፉ አይቀር ሌሎችንም ያስቡ። ዓይነ ስውር ሰው ከመሪ ውሻው ጋር ይገባል? የመጠጥ ዝርዝሩ ስልክ ላይ በድምፅ ሊነበብ ይችላል? ባንኮኒው ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው ዝቅ ያለ ቦታ አለው? በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚብለጨለጭ መብራት ብርሃን የሚቀሰቅሰው የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ስለዚህ መብራቱ መኖሩ ትኬት ከመሸጡ በፊት መነገር አለበት። ለማመቻቸቱ ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ደግሞ በአሜሪካም በእንግሊዝም ክልክል ነው።

ደብዳቤው መልስ ካላገኘ በአገርዎ ያለውን የሰብአዊ መብት ወይም የእኩልነት ኮሚሽን፣ የሕንፃ ቁጥጥሩንና ለቤቱ የንግድ ፈቃድ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ይሞክሩ። ፈቃድ ሰጪው ችላ የሚባል በር አይደለም። በስኮትላንድ የመጠጥ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከ2018 ጀምሮ ቤቱ ለአካል ጉዳተኞች ምን እንዳዘጋጀ በጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም ከነጻ ጠበቃ ጋር ሊያገናኙዎት ይችላሉ። ወደ ተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ መሄድ የሚቻለው አገርዎ ግለሰቦች ለኮሚቴው አቤት እንዲሉ የሚፈቅደውን የስምምነቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ከተቀበለና የአገር ውስጡ መንገድ ካለቀ በኋላ ነው።

ቤቱ እንዲዘጋ አልፈልግም ላሉት፣ የአድልዎ ክስ ቤት ማዘጊያ አይደለም። በአሜሪካ በዚህ ሕግ ግለሰብ ሲከስ ዋናው የሚያገኘው ቤቱ እንዲስተካከል የሚያስገድድ ትእዛዝ እንጂ ካሣ አይደለም። በእንግሊዝ ግን ለተጎዳው ስሜትም ካሣ ይከፈላል። ባለቤቱ ክርክሩ ሳይጀመር እንስማማ ሊል ይችላል። ቢል ይቀበሉት፤ ይቅርታና ነጻ ትኬት ብቻ ይዘው ግን አይመለሱ። ከባለቤቱ ጋር የምትፈራረሙት ውል ላይ ራምፑ የሚገባበት ቀን፣ መጸዳጃ ቤቱን ነጻ አድርጎ የማቆየት ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ፣ የበር ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ጊዜ፣ ይህ ሳይፈጸም ቢቀር ምን እንደሚከተል ይጻፍ። ከመፈረምዎ በፊት እርስዎና ጓደኛዎ አብራችሁ ገብታችሁ ቤቱን እንድታዩትም ይጠይቁ።