መልስ፦ በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ ሻማ ለምን ከሞራ ይሠራ ነበር?

ወንድሜ፣ «ሰም እያለ ለምን ሞራ?» ላልከው፣ ሰም ውድ ነበር። ሞራ ግን ክረምቱ ሳይገባ ከብት ሲታረድ እቤት ይገኛል። እሱን አቅልጠው፣ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ክር ነክረው ያወጣሉ፣ ሲደርቅ ደግመው ይነክራሉ፣ እስኪወፍር ድረስ እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ! ሽታው ደግሞ አይጣል፣ ያጨሳል፣ በሙቀት ይለሰልሳል፣ አይጥም ይበላዋል። ባሕር ዳርቻ ያሉት ቤይቤሪ የሚባል ቁጥቋጦ ፍሬ ቀቅለው ከላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ሰም ይገፍፉ ነበር። መዓዛው ደስ ይላል፣ ግን ለጥቂት ሻማ ስንት ፍሬ መልቀም አለ።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1706 ቦስተን የተወለደው፣ በኋላ ታዋቂ የአሜሪካ ፖለቲከኛና ሳይንቲስት የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበሩ። ልጁ በ10 ዓመቱ ክር እየቆረጠ ቢያግዛቸውም ሥራውን ጠልቶት ነበር። አልፈርድበትም።