የታሸ ዘር ታጥቦ ለዶሮ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ለዘር ብዬ በመድኃኒት ካሸሁት ስንዴ አንድ ጆንያ ያህል ተርፎኛል። ቀዩ ቀለም እስኪለቅ ደጋግሜ ባጥበው ለዶሮዎቼ መኖ ይሆናል? ለሙከራ ለሁለት ዶሮዎች ሦስት ቀን ሰጥቻቸው ምንም አልሆኑም። ሌላው ጉዳይ፣ በወይን ማሳዬ ውስጥ ከሚግጡት በጎች ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሞቱብኝ። ለወይኑ የምረጨው መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከረጨሁ ከወር በላይ ሆኖኛል፤ ፍየሎቹም አብረው ግጠው ደኅና ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱን አልጠረጠርኩም። አንዳንዴ ማንኮዜብ የሚባለውን ሌላ የፈንገስ መድኃኒትም እረጫለሁ፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ምልክት አረንጓዴ ስለሆነ ጓንት አላደርግም።»

መልስ፦ ዘሩን አይስጧቸው። ታጥቦም ሆነ ሳይታጠብ፣ ለዶሮም ሆነ ለሌላ እንስሳ መኖ አይሆንም። ለሁለቱ ዶሮዎች መስጠቱንም ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ለይተው ያቆዩአቸው፣ ሥጋቸውንም እንቁላላቸውንም አይብሉ፣ አይሽጡም። ምክንያቱን ደግሞ ልንገርዎ፤ ያለ ምክንያት የተነገረ ክልከላ መኖ የተወደደ ዕለት እንደሚረሳ አውቃለሁ።

እርስዎ ያደረጉትን ሙከራ ከእርስዎ በፊት ያደረጉት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ላይ ኢራቅ ውስጥ በሜቲል ሜርኩሪ (መርዛማ የሜርኩሪ ውህድ ነው) የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬዎች ታደለ። ዘሩ ቀይ ቀለም ነበረው፤ በጆንያው ላይ የታተመው ማስጠንቀቂያ ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነበር። አንዳንዶች ዘሩን አጠቡት፣ ቀለሙም ለቀቀ። ለዶሮና ለበግ ለጥቂት ቀናት ሰጥተው ያዩም ነበሩ፤ እንስሳቱ ምንም አልሆኑም። ከዚያ እህሉ ተፈጨ፣ ዳቦ ሆኖ ተበላ። ሕመሙ ብቅ ያለው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ መንገዳገድ፣ የዓይን መፍዘዝ። ሆስፒታል ከገቡት 6,530 ሰዎች 459ኙ ሞቱ። ቀለሙ የሚቀባው ዓይን እንዲጠነቀቅ ነው፤ መርዙ ሌላ ነው። ባልዲው ውስጥ ውሃው ሲቀላ የሚያዩት ማስጠንቀቂያው ሲወገድ እንጂ መርዙ ሲወጣ አይደለም።

ሜርኩሪው ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ከዘር መድኃኒትነት ወጥቷል። የዛሬዎቹ የዘር መድኃኒቶች ግን ለዶሮ የተመቹ ናቸው ማለት አይደለም። ለምሳሌ ታይራም የሚባለው ዶሮን በተለይ ይጎዳል። እንቁላል ጣዮቹ ቅርፊቱ የሳሳ ወይም ቅርፊት አልባ እንቁላል ይጥላሉ፤ በጫጩቶች ላይ ደግሞ የእግር አጥንት በትክክል ሳያድግ ቀርቶ ይወላገዳሉ፣ ያነክሳሉ። ሦስት ቀን ይህን ሁሉ አያሳይም። (ታይራም ሲያሹ ለሚውሉ ሰዎችም አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ የመጠጥ ሱስ ለማስተው ከሚሰጠው ዳይሰልፊራም ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ዘር አሽቶ የዋለ ሰው መጠጥ ቢቀምስ ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ በኃይል ሊመታ፣ ሊያስመልሰውም ይችላል።)

የተረፈውን ዘር በዋናው ጆንያ ውስጥ፣ መለያው ሳይነሳ፣ ከእህልና ከመኖ ርቆ በሚቆለፍ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ወቅት ብቅለቱን ሞክረው ይዝሩት። ሻጩ መልሶ የሚቀበል ከሆነ ይመልሱለት። አያቃጥሉት፣ ወንዝ ዳር አይድፉት። ሲዘሩ የፈሰሰውን አፈር ያልብሱት፤ ወፎች ይለቅሙታል።

አሁን ወደ በጎቹ። መዳብን ከሰማሁ፣ ከበግ ጋር ከሰማሁ፣ ወር ማለፉ ጥርጣሬዬን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ይጨምረዋል። በግ የበላውን መዳብ እንደ ሌሎች እንስሳት በቀላሉ አያስወጣም፣ ጉበቱ ውስጥ ያከማቸዋል። ለሳምንታት፣ ለወራትም፣ እየጋጠ እየወፈረ ይቆያል። ከዚያ አንድ ነገር ያስደነግጠዋል፤ ረጅም መንገድ፣ የመኖ እጥረት፣ እርግዝና። ጉበቱ ያጠራቀመውን መዳብ በአንዴ ወደ ደም ይለቀዋል፣ ቀይ የደም ሴሎችም ይፈርሳሉ። ከዚህ በኋላ አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታሉ። ፍየልና ከብት መዳብን ከበግ የተሻለ ስለሚችሉ፣ የፍየሎቹ ደኅንነት ስለ በጎቹ የሚነግረን ነገር የለም።

ከመሞታቸው በፊት የዓይናቸው ነጭ ክፍልና ድዳቸው ቢጫ ነበር? ሽንታቸው እንደ ቡና የጠቆረ ወይም የቀላ ነበር? ቆዳ ሲገፈፍ ሥጋው ቢጫ፣ ኩላሊቱ ወደ ጥቁርነት ያደላ ነበር? እነዚህን ካዩ መዳብን በቀዳሚነት እጠረጥራለሁ። ሆኖም የሚያረጋግጠው በጉበትና በኩላሊት ላይ የሚደረግ ምርመራ ነውና ሌላ በግ ከሞተ ሳይቀበር ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ሥጋውን በተለይም ጉበቱን ማንም አይቅመሰው።

የቀሩትን ዛሬውኑ ከወይኑ ሥር ያውጧቸው፣ ግን አያዋክቧቸው፤ ሩጫ ራሱ ቀውሱን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ጨው አይስጧቸው፣ መዳብ አለበት። ሐኪሙ በደም ምርመራ ጉበታቸው የተጎዳውን ይለያል፤ መዳቡን ለመቀነስም በሞሊብዴት ሊያክማቸው ይችላል። በጎቹን ወደዚያ ማሳ መልሼ አላስገባም፤ እኔ ብሆን። መዳብ እንደ ሌሎች መድኃኒቶች ከጊዜ ጋር ፈርሶ አይጠፋም። ዝናብ ከቅጠሉ ቢያጥበውም አፈሩ ላይ ይቀመጣል፣ በግ ደግሞ ሲግጥ አፈር ይበላል።

ስለ ራስዎ፦ አረንጓዴው ምልክት የሚነግርዎ በአንድ ጊዜ ንክኪ ወይም በአንድ ጉርሻ የመግደል አቅሙ ዝቅተኛ መሆኑን ብቻ ነው። ማንኮዜብ ሲበላሽም ሆነ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኤቲሊንታዮዩሪያ የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ እርሱም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ያውካል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ የቀረው ለመራባት ጎጂ በመሆኑና ሆርሞንን በማወኩ ነው። ቆዳን የማሳከክና አለርጂ የማስነሳት ጠባይም አለው።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ርጭቱ አይደለም፤ ዱቄቱን ሲበጠብጡ ያለው ነው፣ ገና አልቀጠነም። የናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ያድርጉ፤ የቆዳና የጨርቅ ጓንት መድኃኒቱን መጥጦ እጅዎ ላይ ያቆየዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። የዋጠ ሰው ካለ አያስታውኩት፣ መለያውን ይዘው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሐኪሙ ነፍሳት ገዳይ ከመሰለው የሚሰጠው አትሮፒን ለማንኮዜብና ለመዳብ አይሠራም፤ መለያውን ካላየ ደግሞ ይህን አያውቅም።

የበጎቹ ውጤት ሲመጣ ይጻፉልኝ፤ ወይኑን በዓመት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ዓመት በመዳብ እንደረጩትም ጨምሩበት።