ፒያኖ ለመማር ላሰባችሁ የጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣

አዝማሪ ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሠርግ ሠርግ ይዞራል። የክራር ተጫዋችም እንዲሁ። የእኛ ሙያ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ፒያኖ ተጫዋች ባዶ እጁን ሄዶ የጠበቀውን መሣሪያ ይጫወታል። ፔዳሉ የማይሠራ፣ ቁልፉ ተጭኖ የማይመለስ፣ ከተገዛ ጀምሮ ቃኚ ያልነካው ፒያኖ ሁሉ አጋጥሞኛል። አድማጭ ደግሞ ፒያኖውን አይወቅስም፤ የሚወቅሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ትክክልም ነው። ይህን ሙያ የሚመርጥ ሰው ከማያውቀው መሣሪያ ጋር በጥቂት ደቂቃ መግባባትን ነው የሚመርጠው። ጭብጨባውንና ጥቁሩን ሙሉ ልብስ ከዚያ በኋላ እናየዋለን።

ስለዚህ ፒያኖ ያለበት ቤት የገባችሁ ቀን ከመጫወታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ክዳኑን ክፈቱ። በውስጡ ከ200 በላይ የብረት ክሮች ተወጥረዋል፤ ጉልበታቸው ሲደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የብረት ፍሬም ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው ግን ከስር ያለው ስስ እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ አየር ይሰማዋል። በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል፤ በበጋ ሲደርቅ ይወርዳል። የጎንደር ሐምሌና የጎንደር የካቲት ለአንድ ፒያኖ ሁለት አገር ናቸው። መስኮት ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል የቆመ ፒያኖ ካያችሁ ለባለቤቱ በትሕትና ንገሩት። ክሮቹን የሚመቱትን መዶሻዎች የሱፍ ልባስ ብል እንደሚበላውም ጨምሩለት። የመቃኛ ቁልፍ አያያዝ ከባለሙያ ብትማሩ ደግሞ በከተማችን እንጀራ ይወጣዋል፤ ፒያኖ ጥቂት ቢሆንም ቃኚው ከፒያኖውም ያነሰ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት ኦርጋን በምንለው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ነውር የለውም። ግን 61 ቁልፍ ያለውና እንደ ላባ የሚቀለው ኪቦርድ ጣትን ያሰንፋል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክብደት አለው፤ ድምፁ የሚለሰልሰውና የሚጠነክረው በዚያ ክብደት ላይ ነው። ወላጆቻችሁ ገንዘብ ካወጡ ከበሮና የዳንስ ምት የሚያንጋጋውን ትታችሁ ክብደት ያለውን 88 ቁልፍ ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኖታውን በሻማ አንብቡት። ድምፁን በጆሮ ሳይሆን በሐሳብ መስማት የሚለመደው እንዲህ ባለው ምሽት ነው።

ያለ ፒያኖ ፒያኖ ተጫዋች መሆን አይቻልም ለሚለኝ ሰው መነኩሲቷንና ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እጠቅስለታለሁ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ የተማሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ መንነው ግሸን ማርያም ገቡ፤ በዚያ አምባ ላይ ፒያኖ አልነበረም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚህ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። የቆሎ ተማሪዎች ምግብ ሲለምኑና ደጅ ሲያድሩ አይተው አዘኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙትን ሸክላም ለተቸገሩ መርጃ አዋሉት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት በ99 ዓመታቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ እጃቸው ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ያለ ፒያኖ ያለፉ ዓመታት ጆሯቸውን አለማደንዘዛቸው ነው።

ጆሮን በተመለከተ የጎንደር ልጅ ከማንም አያንስም። ድጓ በቃሉ የያዘ መሪጌታ ባለበት፣ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶች ከልጅነት ጀምሮ በሚሰማበት ከተማ ያደገ ሰው ረጅም ዜማ ያለ ወረቀት መሸከም እንደሚቻል ያውቃል። አውሮፓ ውስጥ ኮንሰርት ላይ ኖታ ሳያዩ መጫወት የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚህ የጀርመናዊቷ ፒያኖ ተጫዋች የክላራ ሹማን ስም ይነሣል። እኛ ቤት ግን ዜማን በቃል መያዝ ከዚያ ቀድሞ የተለመደ ነው። በእርግጥ ፒያኖ የሚነፍጋችሁ ነገርም አለ፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጥቂቱ ገፋ አድርጎ የሚያወጣትን ድምፅ ፒያኖ በሁለት ቁልፎች መካከል ዘሏታል። የትዝታን ወይም የአንቺሆዬን ቅኝት በፒያኖ ስትሞክሩ ያቺን ድምፅ ፍለጋ አትዳክሩ፤ በአነካካችሁና በዝምታችሁ ጠቁሟት።

ዘግይቻለሁ ብላችሁም አትጨነቁ። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፣ ዓለምንም ዞረ። ጥድፊያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ ቀኝ እጁ ተጎድቶ የፒያኖ ተጫዋችነት ሕልሙን ተወ፤ ዜማ ደራሲ ሆኖ ባይተርፍ ኖሮ ዛሬ ማን ያነሣው ነበር? ክንዳችሁን ካመማችሁ ተነሡ። ሕመምን ችሎ መለማመድ ጀግንነት የሚመስለው ሰው እኔ ዘንድ አይማርም።

ስለ ገንዘቡ ላሳጥረው። በኮንሰርት ብቻ የሚኖር ፒያኖ ተጫዋች በዓለምም ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በማስተማር፣ ዘማሪና ዘፋኝ በማጀብ፣ ሆቴል ውስጥ እራት ለሚበላ ሰው በመጫወት ነው። ማጀብን አትናቁ፤ ዘፋኙ ትንፋሹን የሚስብበትን ቦታ ቀድሞ ማወቅ ከብቻ ጨዋታ የሚከብድ ጥበብ ነው። ዋጋችሁን ግን ከመጫወታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አዲስ አበባ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ስትወርዱ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ፒያኖውን እንድትነኩ ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀዱላችሁ መጀመሪያ ወንበሩን በቁመታችሁ አስተካክሉ፣ ፔዳሉን ሞክሩ፣ ከዚያ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ በለሆሳስ ንኩ። ካልፈቀዱላችሁም ቀስ ብሎ በሚጀምረው ሥራ ጀምሩ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳትደርሱ የትኛው ቁልፍ እንደሚከብድና የትኛው እንደሚጮህ ጣታችሁ ለይቶት ይሆናል።