ጉንፋን ይዞት ሳይከተብ ለቀረ ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወር ሲሞላው ጉንፋን ይዞት ስለነበር የኩፍኝ ክትባት ሳይወስድ ቀረ። አሁን 13 ወሩ ነው። ከትናንት ወዲያ አንድ ግቢ የሚኖር የጎረቤት ልጅ ኩፍኝ ወጣበት። አማቴ «ኩፍኝ በገባበት ግቢ ልጅ መርፌ አይወጋም፤ ቤት ዘግተሽ አስቀምጪው» ይላሉ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ነገ ሳይሉ ያስከትቡት። ጉንፋን፣ ቀላል ትኩሳትም ሆነ ተቅማጥ ክትባት አያስቀርም፤ ያኔም መከተብ ይችል ነበር። አማትዎ የሚሉት ለልጁ ከመሳሳት ነው፤ ነገር ግን ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል፤ ቫይረሱም ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። አሁን በር ቢዘጋ ዘግይቷል። ከታማሚ ጋር በተገናኘ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በሽታውን ሊያስቀረው ወይም ሊያቀልለው ይችላል። ሰዓቱ ቢያልፍም ይከተብ፤ ገና ካልተያዘ ለወደፊቱ ይጠብቀዋል።

ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፤ አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ነው። ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ልጆች እስኪሰበሰቡ ቀን የሚቀጥሩት ለዚህ ነው። እርስዎን ግን «ሌላ ቀን ይምጡ» ቢሉዎት፣ ግቢያችሁ ውስጥ ኩፍኝ መግባቱን ነግረው አጥብቀው ይጠይቁ። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ መከፈት አለበት።

ሁለተኛው ዙር 15 ወር ሲሞላው ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይኑር። ካርዱ ላይ ቀኑን ያጽፉ፤ ብዙ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከተከተበ ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ወይም ስስ ሽፍታ ቢያዩበት አይደንግጡ፣ በራሱ ይጠፋል።

ሆኖም ከታማሚ ጋር ስለተገናኘ ዓይንዎን አይንቀሉበት። ኩፍኝ በትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በዓይን መቅላት ይጀምራል። ጉንጩን ከውስጥ ቢያዩት ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከግንባር ፀጉር ሥር ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎ ይዳስሱት፣ ይሻክራል።

ይህን ካዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከሌሎች ሕፃናት ጋር ሳይሰለፉ በር ላይ ይናገሩ። በዚህ ዕድሜ 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ በዕለቱ፣ ያንኑ ያህል በማግስቱ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን ከመታወር ይታደጋል። ጡትና ምግብ አይከልክሉት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ።